ዘሯ ምንድን ነው?

ቦሌ ውስጥ ውሻ ሁለት ዓይነት ነው፤ ገመድ ያለውና ገመድ የሌለው። ገመድ ያለው ማለዳና ምሽት ከአትላስ እስከ መድኃኔዓለም፣ ከሩዋንዳ እስከ ወሎ ሰፈር ባለቤቱን ይዞ ሲንሸራሸር ይታያል። «ባለቤቱን ይዞ» ያልኩት አውቄ ነው፤ ማን ማንን እንደሚጎትት ቆም ብሎ ያየ ይመሰክርልኛል። ገመድ የሌለው ደግሞ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ሰዓት፣ አጥር አጥሩን ታክኮ፣ ዓይኑን ከሰው እጅ ሳይነቅል ያልፋል። የአዲስ አበባ ውሻ የሰው ፊት አያነብም፤ የሚያነበው ወገብ ነው። የጫማችሁን ክር ለማሰር ጎንበስ ብትሉ ሃያ ሜትር ርቆ ታገኙታላችሁ። ድንጋይ ስላነሣችሁ አይደለም፤ ጎንበስ ያለ ሐበሻ ባዶ እጁን ቀና እንደማይል ከእናቱ ወተት ጋር ስለጠባው ነው።

ገመድ ያለውን ያየ መንገደኛ አንድ ጥያቄ አለው፤ «ዘሩ ምንድን ነው?» በዚህች አገር ዘሩ ሳይጠየቅ የሚያልፍ ነገር ከጠፋ ቆይቷልና ውሻም ተራው ደርሶታል። መልሱ «ጀርመን ነው» ወይም «ሮት ዋይለር ነው» ከሆነ ጠያቂው ራሱን በአክብሮት ነቅንቆ ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ይሻገራል፤ «ስንት ተገዛ?» መልሱ «የሐበሻ ነው» ከሆነ ግን ፊቱ ላይ ሐዘን ይነበባል። አንዳንዱማ «እግዜር ያጽናህ» ሊል ምንም አይቀረው። እኛው ሐበሾች «የሐበሻ ነው» ሲባል ለምን እንደምናዝን ለሌላ ቀን እናቆየው።

ከተማችን ኮንዶሚኒየም የሚባለውን ነገር መጀመሪያ የሞከረችው ገርጂ ላይ ነውና ሰፈሩ ለአዲስ ነገር ባዳ አይደለም። ቢሆንም ከአንዱ ብሎክ ጀርባ፣ ጎማ ከሌላት ላዳ ሥር ያደገችው ቡቺ የገጠማትን ዓይነት ዕድል አይቶ አያውቅም። ቡቺ ለዓመታት የሁሉም ነበረች፤ የሁሉም የሆነ ነገር ምን እንደሚደርስበት ደግሞ የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ሁሉ ከደረጃው አምፖል ያውቀዋል። ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ውርወራ ይለማመዱባታል። አንዲት እናት የልብስ እጣቢ ይደፉባታል። የምድር ቤቱ ሰውዬ ሌሊት ከጮኸች «አላስተኛ አለችን» ይላል፤ ካልጮኸች «ሌባ ሲገባ የት ነበረች?» ይላል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚለውን ተረት የሚወደው እንዲህ ያለው ሰው ነው። ቡቺ ግን በሰዓቱ ነበር የምትጮኸው፤ የሚነሣ ነው የጠፋው።

ከዕለታት አንድ ቀን ለዓለም አቀፍ ድርጅት የምትሠራ ፈረንጅ እዚያው አቅራቢያ ቪላ ተከራየች። ቡቺን አየቻት። ጎንበስ አለችላት። ቡቺ እንደ ልማዷ ሮጠች። በማግሥቱም ጎንበስ፣ በማግሥቱም ሩጫ። ጎንበስ ካለች ሴት እጅ ድንጋይ ሳይሆን ዳቦ ሊወጣ እንደሚችል ቡቺ እስክታምን ድረስ የሰፈሩ ሰው በረንዳው ላይ ቆሞ ሲስቅ ከረመ። «አበደች እንዴ?» ይባባሉ ነበር፤ ስለ ውሻዋ አይደለም።

ከዚያ በአንዱ ቅዳሜ ቡቺ ታጥባ፣ ተከትባ፣ ቀይ ገመድ አድርጋ ብቅ አለች። ለካ ቡኒ አልነበረችም፤ ስትታጠብ ወርቃማ ሆና ተገኘች። ስሟም ሎላ ሆኗል።

የእጣቢዋ እናት መጀመሪያ ያወቋት አይመስለኝም። «ውይ! እንዴት ታምራለች! ዘሯ ምንድን ነው?» አሉ። ልጆቹ ስልክ አውጥተው አብረዋት ፎቶ ለመነሣት ተሰለፉ፤ ውርወራ የለመደ እጅ ስልክም አይንቀጠቀጥበትም። የምድር ቤቱ ሰውዬ ደግሞ ለፈረንጇ በእንግሊዝኛና በእጅ ምልክት ሲያስረዳት ተሰማ፤ ያሳደጋት እሱ ነው፣ እናቷንም ያውቃታል፣ አያቷማ እንዴት ያለች ጨዋ ነበረች! ያለፈለት ዘመድ አያጣም የሚባለው በውሻም ይሠራል። በማግሥቱ አንድ ደላላ ሦስት ቡችሎች በካርቶን ይዞ የቪላውን በር አንኳኳ። «ማዳም፣ የሎላ እህቶች ናቸው።» አንዱ ወንድ ነበር።

ውሻዋ ያችው ናት። ጆሮዋ ላይ ያለው የድሮ ቁስል እንኳ አልጠፋም። የተለወጠው የገመዱን ሌላኛ ጫፍ የያዘው እጅ ነው። ይህ ደግሞ በገርጂ የተጀመረ አይደለም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትንሽ ውሻ ሉሉ በኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ መቃብር ተሠርቶለታል። ፖላንዳዊው ጋዜጠኛ ሪሻርድ ካፑሽቺንስኪ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሉሉ በመኳንንቱ ጫማ ላይ ሲሸና ጫማውን ተከታትሎ የሚወለውል ሠራተኛ እንደነበረ ጽፏል፤ መኳንንቱም ንቅንቅ አይሉም ነበር ይላል። የጽሑፉን እውነተኛነት የሚጠራጠሩ ብዙ ናቸው። እኔ ግን ያችን ቅዳሜ ገርጂ ቆሜ ካየሁ ወዲህ ለመጠራጠር አቅም አጥቻለሁ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ፋሽን ሆነ። ውሻ መግዛት ቀርቶ «አዶፕት ማድረግ» መጣ፤ መልካም ነው፤ ውሻ ከሚወገር በእንግሊዝኛ ቢጠራ ይሻለዋል። ቲክቶክ ላይ ከጉድጓድ የሚወጡ ቡችሎች በዙ። ልብ ብላችሁ ብታዩ ግን ካሜራው ከአዳኙ ቀድሞ ነው ጉድጓዱ አፍ ላይ የደረሰው። ቡችላው ያለቅሳል፤ መብራት ይስተካከላል፤ ዋሽንት ይገባል፤ ከዚያ እጅ ይዘረጋል። ሁለተኛ ዕድል እንዲህ በሙዚቃ ታጅቦ ይሰጣል። ቪዲዮው መቶ ሺሕ ተመልካች ካገኘ በኋላ ቡችላው የት ገባ ብሎ የጠየቀ ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

ፈረንጅ የያዘው ውሻ ዕጣ ፈንታ ከኮንትራት ጋር የተሳሰረ ነው። ኮንትራት ሲያልቅ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ፣ ሎላ የሄደችበት፣ በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በኩል ያልፋል፤ ይህ ቀላል እንዳይመስላችሁ። አገራችን የእብድ ውሻ በሽታ ካልጠፋባቸው አገሮች አንዷ ናትና ወደ አውሮፓ ኅብረት የምትሄድ ውሻ መጀመሪያ ቆዳዋ ሥር ማይክሮቺፕ ይቀበርላታል፤ ከዚያ ትከተባለች፤ ቢያንስ 30 ቀን ቆይታ ደሟ ይቀዳና ፈቃድ ወዳለው የውጭ ቤተ ሙከራ ከእሷ ቀድሞ አገር ይሻገራል፤ ውጤቱ ካማረ ደሙ ከተቀዳበት ቀን አንሥቶ ሦስት ወር ትጠብቃለች። አሜሪካ ደግሞ ሐምሌ 25 ቀን 2016 ዓ.ም. ሥራ ላይ ባዋለችው ደንብ ስድስት ወር ያልሞላውን ውሻ ጨርሳ አታስገባም። እንደ እኛ ባለ አገር የተከተበ ውሻ በተመረጡ አየር ማረፊያዎች ብቻ፣ ያውም ቦታ አስቀድሞ ተይዞለት ነው የሚያርፈው።

ማይክሮቺፑ ላይ ያለው ቁጥር 15 አሃዝ ነው። የእኛ የፋይዳ ቁጥር 12 ነው። ሎላ በሦስት አሃዝ በልጣን ሄደች።

የሰፈሩ ልጆች ነገሩን በዝርዝር ተከታትለውታል። ዲቪ ሲሞላ የጎረመሰ አንድ ልጅ «ስፖንሰሯ ማን ነው?» ብሎ በቁም ነገር ጠይቋል። «ለእሷ ደም ነው የሚመረመረው፤ ለእኛ የባንክ ደብተር» አለ ሌላው፤ የቱ እንደሚቀል ሲከራከሩ አመሹ። በሽኝቱ ቀን ሎላን በትልቅ ሳጥን ሊጭን የመጣው ሾፌር መጀመሪያ «አራት እግር አልጭንም» ብሎ ነበር፤ ተሳፋሪዋ ፈረንጅ መሆኗን ሲያይ ወንበሩን ራሱ አጠፈ። የእጣቢዋ እናት ወጥተው እጃቸውን አውለበለቡ። «እዚያ ስትደርሺ አትርሺን» አሉ። ለማን እንዳሉት አልገባኝም፤ ዓይናቸው ግን ሳጥኑ ላይ ነበር።

ሁለተኛው መንገድ ዘበኛው ነው። ብዙዎቹ ውሾች የሚሄዱትም በዚህኛው ነው።

ቦሌ ውስጥ የውሻ ባለቤት የሚባለው ሰው ብዙ ጊዜ ባለቤት አይደለም፤ ከፋይ ነው። ውሻውን ሌሊት የሚያውቀው፣ ሲያነክስ ቀድሞ የሚያየው፣ ክረምት ሲገባ ከአሮጌ ቆርቆሮ ቤት የሚሠራለት ዘበኛው ነው። ዘበኛው ዘር አይጠይቅም። ከገጠር የመጣ ነውና አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለው፤ «ይጮኻል?» የሚጮኽ ከሆነ ሥራው ለሁለት ይከፈላል፤ ደመወዙ ግን የአንድ ሰው ነው።

አንድ የማውቀው ግቢ ውስጥ ፈረንጆቹ ሲሄዱ ውሻቸው ቀረች። ወረቀቷ አላለቀም ነበር፤ ቃል ተገብቷል፣ ይላካል ተብሏል፣ አልተላከም። ቤቱን ከአሜሪካ የተመለሱ እመቤት ተከራዩት። በመጀመሪያው ቀን ዘበኛውን ጠሩ።

«ጋሼ፣ ይህቺን ውሻ ያስወጡልኝ። አለርጂ አለብኝ።»

«እሺ እትዬ።»

በሳምንቱ ውሻዋ በረንዳው ሥር ተኝታለች።

«ጋሼ፣ አላስወጧትም እንዴ?»

«አስወጥቻት ነበር እትዬ። እሷ ናት የገባችው።»

«በየት ገባች?»

«በበሩ ነዋ እትዬ።»

«በሩን የሚከፍተው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ እትዬ። እርስዎ መኪና ሲያስገቡ ነው የምትገባው።»

ክረምቱ እስኪወጣ ይህ ንግግር ሲደጋገም ቆየ። ከዚያ በአንዱ ሌሊት የጎረቤት ግቢ ተዘርፎ የእሳቸው ተረፈ። አለርጂያቸው በማግሥቱ ለቀቃቸው። አሁን ማታ ማታ «ጋሼ፣ በላች?» ሲሉ ይሰማሉ። ዘበኛው እራት መብላቱን ሲጠይቁ ግን አልሰማሁም።

የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ሳይንስ በተባለው መጽሔት እንዳሳተሙት፣ ሰውና ውሻው ዓይን ለዓይን ሲተያዩ እናትን ከሕፃኗ የሚያስተሳስረው ኦክሲቶሲን የተባለ ሆርሞን በሁለቱም ሰውነት ውስጥ ከፍ ይላል። ሙከራውን ያደረጉት ቤተ ሙከራ ውስጥ ሰዎችን ከነውሾቻቸው አስገብተው፣ ሽንት እየለኩ ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አያት አካባቢ አንድ የዘበኛ ማማ ጎራ ቢሉ ወጪ ይቀንስላቸው ነበር። ብርድ ነው፤ ፋኖሱ ጠፍቷል፤ ሬዲዮው ባትሪ ጨርሷል፤ ከወንዙ ማዶ ጅብ ይጮኻል፤ ጋቢ የለበሰ ሰው አንዲት ውሻን ዓይን ዓይኗን እያየ «አይዞሽ እናቴ» ይላታል። ማን ማንን እንደሚያጽናና ለመለየት ሽንት መለካት የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

ዘበኛው ከደመወዙ ቀንሶ ሳንባ ይገዛል። የሥጋ ቤቱ ልጅ ወዳጁ ከሆነ አጥንት በነፃ ይመረቅለታል። ሁዳዴ ሲገባ ግን ሥጋ ቤቱ ይዘጋና ውሻዋ ሳትወድ ለ55 ቀን ጿሚ ትሆናለች። ቦሌ በጾምም የማይዘጋ ሥጋ ቤት አያጣም፤ ሂሳቡ ግን ለዘበኛ ታስቦ የተሠራ አይደለም። በነገራችን ላይ ጾማችን የሚነካው ውሻን ብቻ አይደለም። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲው ጊደይ ይርጋና ባልደረቦቹ ትግራይ ውስጥ ከጅብ ኩስ የቀረውን ፀጉር ለይተው እ.ኤ.አ. በ2012 እንዳሳተሙት፣ በሁዳዴ የእርድ ትርፍራፊ ሲጠፋ ጅቦቹ ፊታቸውን ወደ አህያ አዙረዋል፤ የአህያ ድርሻ ከ15 በመቶ ገደማ ወደ 33 በመቶ ወጥቷል። ጅብ አማራጭ አለው። የገርጂ ውሻ አህያ አትበላም፤ ሽሮ ትበላለች።

ወደ ሲኤምሲና ሰሚት ከወጣን ደግሞ ታሪኩ ይገለበጣል። እዚያ ቡችላው በገንዘብ፣ ያውም በብዙ ገንዘብ ይገባል። ማስታወቂያው ቴሌግራም ላይ ነው፤ «ንጹሕ ጀርመን፣ ክትባት የጨረሰ፣ ለቁም ነገረኛ ብቻ።» ቁም ነገረኛው ለልጁ ልደት ይገዛዋል። አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ልብስ ማስጫ በምታህል በረንዳ ላይ ያስቀምጠዋል። ቡችላው ከስድስት ወር በኋላ ጥጃ ያክላል። ሶፋ ይበላል፤ የሪሞት ኮንትሮል ባትሪ ይበላል፤ አንድ ጫማ ይበላል፤ ሁለቱንም ቢበላ ይሻል ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ ከውጭ የሚመጣው የውሻ መኖ ዋጋ ከባለቤቱ ደመወዝ ጋር መሽቀዳደም ጀመረ። የኮንዶሚኒየሙ ኮሚቴ በበኩሉ ደብዳቤ ጻፈ።

አንድ ምሽት ቤተሰቡ ሲተኛ ጀርመኑ መኪና ውስጥ ይገባል። ሽርሽር መስሎት ጭራውን ይቆላል። ከቦሌ አራብሳ ወዲያ ሜዳው ላይ በሩ ይከፈትለታል፤ ዘሎ ይወርዳል፤ ዞር ሲል መኪናው የለም። ለልጁ «ገጠር ለአጎትህ ሰጠነው፤ ሰፊ ሜዳ አለው» ይባላል። ይህ አጎት በቦሌ ልጆች ቤት ሁሉ አለ። እስካሁን የተቀበላቸው ውሾች ቢቆጠሩ በአገሪቱ ትልቁ የውሻ እርባታ የእሱ ሳይሆን አይቀርም።

የሜዳው ጀርመን መንገድ መሻገር አያውቅም። የሐበሻው ውሻ እኮ ቀለበት መንገድ ዳር ሰው እስኪሻገር ቆሞ ጠብቆ፣ አብሮ የሚሻገር ነው። ጀርመኑ ወገብ ማንበብም አልተማረም፤ ሰው ጎንበስ ሲል ኳስ ሊወረወርለት መስሎት ይሮጣል፤ ወደ ሰውየው። የሚያገኘውን ታውቁታላችሁ። በወር ውስጥ ፀጉሩ ይጎሳቆላል፤ ጎድኑ ይቆጠራል፤ ያኔ መንገደኛው ያየውና «የሐበሻ ውሻ ነው» ብሎ ያልፋል። ዜግነት እንዲህ በቀላሉ የሚሰጥበት ሌላ አገር ያለ አይመስለኝም።

ምሥራቁ የከተማችን ክፍል ውሻ የሚጣልበት ብቻ ሳይሆን ውሻ ራሱ የሚዛወርበት ነው። ለሚ ኩራ በ2013 ዓ.ም. ከቦሌና ከየካ ተቆርሶ ክፍለ ከተማ ሲሆን የአካባቢው ውሾች መታወቂያ ሳይቀይሩ ዜጎቹ ሆነዋል። ፒያሳና ካዛንቺስ ለልማት ሲነሡ ወደ ዳር ወዳሉ ኮንዶሚኒየሞች የገባው ሰው ምትክ ቤት ነበረው፤ የግቢ ውሻ ግን ምትክ ግቢ አልነበረውም። ሦስተኛ ፎቅ ላይ የተሰጣቸውን ክፍል ሊረከቡ ውሻቸውን ይዘው የመጡ አዛውንት አይቻለሁ። ቁልፍ ሰጪው «ውሻ አይፈቀድም» አላቸው። «ልጄ፣ እሱም እኮ ተነሺ ነው» አሉት። ይህን የሚመልስ መመሪያ አልተገኘም፤ ውሻው ደረጃው ሥር ቀረ፤ ዛሬ የብሎኩ ነው።

እውነቱን ለመናገር ለዚህች ከተማ ውሻ ሁለተኛ ዕድል የሚባለው ነገር ገና አዲስ ነው፤ ለረጅም ጊዜ አንደኛውም አልነበረም። ማዘጋጃ ቤት በየጊዜው ስትሪክኒን የተለወሰ ሥጋ ሌሊት ይበትንና ጠዋት ሬሳ ይለቀም ነበር። የሞቱትን ቦታ ከማዶ ሰፈር የመጡ ይሞሉታል፤ በቀጣዩ ዓመት ሥጋው እንደገና ይበተናል። የዓለም ጤና ድርጅት ሲወተውት የኖረው ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ሰንሰለት የሚበጠሰው በመግደል ሳይሆን ከውሾቹ ቢያንስ 70 በመቶውን በመክተብ መሆኑን ነው። መርዙ የተከተበውን ካልተከተበው አይለይም፤ እንዲያውም ሰው የሚያምነውና የተሰጠውን የሚበላው የተከተበው ነው።

በሌላ በኩል ውሻ ሲያይ መንገድ የሚቀይረውን ሰው አልፈርድበትም። ዕድሜያቸው ገፋ ያሉ አዲስ አበቤዎች «ፓስተር» ሲባል እጃቸው ወደ ሆዳቸው የሚሄደው በምክንያት ነው። በዚህ ስም የሚያውቁት፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የሚባለው የጉለሌው ተቋም ለአሥርት ዓመታት ከበግ አንጎል ያዘጋጅ የነበረው ክትባት በየቀኑ ሆድ ላይ የሚወጋ፣ 14 ቀን የሚፈጅ ነበር። ያንን ጨርሶ የወጣ ሰው ቡችላ አቅፎ ፎቶ ካልተነሣ አይወቀስም።

ከመርዝ ሌላ መንገድ የሞከሩም አልጠፉም። ቴክሳስ የሚኖሩት ሐኪም ዶክተር አንተነህ ሮባ የመሠረቱት ኢንተርናሽናል ፈንድ ፎር አፍሪካ ከሂዩሜን ሶሳይቲ ኢንተርናሽናል ጋር ሆኖ አዲስ አበባ ላይ የጎዳና ውሾችን የማምከንና የመክተብ ሥራ ሠርቷል። እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ ሁልጊዜ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ፤ «ሰው ሳይታከም ውሻ ይታከማል?» ጥያቄው ጥሩ ነበር፤ የሚጠይቀው ሰው ግን ብዙ ጊዜ ሰውም ሲያሳክም አልታየም። ደግሞስ ለእብድ ውሻ በሽታ ውሻን መክተብ ማለት ሰውን ማከም ማለት ነው፤ በሽታው ከሚገድላቸው ሰዎች 99 በመቶው ያገኛቸው በውሻ በኩል ነው።

ከሰውም አልፎ ሌላ የሚያልቅ አለ። በዓለም ላይ 500 የማይሞላው ቀይ ቀበሯችንን ከሚጨርሱት ዋና ዋና ነገሮች አንዱ ከቤት ውሻ የሚተላለፈው ይኸው በሽታ ነው። በ2012 ዓ.ም. ሰሜን ተራሮች ላይ እግሩ ተሰብሮ የተገኘ አንድ ቀይ ቀበሮ ሳንቃበር ላይ መጠለያ ተሠርቶለት፣ ታክሞ፣ አንገቱ ላይ ጂፒኤስ ታስሮለት ወደ ዱር ተመልሷል። ስሙን ተረፈ አሉት። ከዝርያው እንዲህ ተይዞ፣ ድኖ የተለቀቀ የመጀመሪያው ነው። በተራሮቹ አቅራቢያ፣ ደባርቅ ላይ የሚከተብ እያንዳንዱ ውሻ ለተረፈ ዘመዶች ሦስተኛና አራተኛ ዕድል ነው፤ ማንም ግን ዋሽንት አይነፋለትም።

ይቅርታ በማይታወቅበት አገር ብንኖር ይህ ሁሉ ባላስገረመኝ። እኛ ግን በየዓመቱ የካቲት 16 ቀን ኪዳነ ምሕረትን ስናነግሥ የበላዔ ሰብን ታሪክ የምንሰማ ሰዎች ነን። 78 ሰው የበላ ሰው በአንድ ጥርኝ ውኃ ተማረ ሲባል እልል እንላለን። ቤት ስንመለስ አንድ ጫማ የበላችውን ውሻ ከግቢ እናባርራለን። የቦሌ ሚካኤል ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ደግሞ በጫማው ከጉድጓድ ውኃ ቀድቶ የተጠማ ውሻ ስላጠጣና ምሕረት ስላገኘው ሰው ሲነገር ሰምተው ያደጉ ናቸው። በሁለቱም ሃይማኖት የጎደለው ውኃ እንጂ ትምህርት አይደለም።

እንግዲህ አንባቢ፣ ውሻ የመውደድ ግዴታ የለብዎትም። ቡችላ ሊገዙ ካሰቡ ግን መጀመሪያ በረንዳዎን ይለኩ፤ ገጠር ያለው አጎትም እንደሞላበት ይወቁ። የብሎካችሁን ውሻ በዓመት አንድ ጊዜ አዋጥታችሁ አስከትቡ፤ ለደረጃው አምፖል ከምታዋጡት ብዙም አይበልጥም፤ ያውም ውሻው አይቃጠልም። ድንገት የነከሰዎት እንደሆነ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውኃ ይጠቡትና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ የበሽታው ምልክት ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም። ግቢዎ ውስጥ ውሻ ካለ ደግሞ ማታ በር ለሚከፍትልዎት ዘበኛ የሳንባ መግዣ ይስጡት። ደረሰኝ አይጠይቁት።